ባለቤት ነኝ ባዮች

ሰኞ 3

ይህ ደብተር የእኔ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ አውቶቡስ ወንበር ሥር ተገኝቶ መደርደሪያችን ላይ ዓመት ከሳምንት ተቀመጠ፤ ባለቤት ነኝ የሚል አልመጣም። ደንቡ «ዓመት የሞላው ይወገድ» ይላል። እኔም አስወገድኩት፣ ወደ ቦርሳዬ። ፊት ለፊት ያሉት ሦስት ገጾች የሰው ስልክ ቁጥር ነበረባቸው፤ ቀደድኳቸው።

መናኸሪያው ውስጥ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ዐሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ መስታወት ጀርባ ተቀምጦ ሰው ሲዋሽ ማየት ነው። ሹፌሮቹ «መርማሪዋ» ይሉኛል። ፊቴ አይሉኝም።

አርብ ዕለት ለአንዲት የግራ እጅ ጓንት ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው አውራ ጣቱ ላይ በቀይ ክር ተሰፍቷል አለ። ሁለተኛው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ማንኛቸው እንደሚዋሽ እስክለይ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ዘንድሮ የዚያን ግማሽ ሰዓት ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ መጣልኝ፤ ይህ ጌም ነው። ተጫዋቹ እኔ ቦታ ይቀመጣል። ሰዎች ይመጣሉ፣ ይጠይቃቸዋል፣ ወይ ይሰጣል ወይ ይከለክላል። ሰጥቶ ከተሳሳተ እውነተኛው ባለቤት በማግሥቱ ይመጣል።

ዛሬ የመናኸሪያውን ኮምፒውተሮች ለሚጠግነው ሰውዬ ነገርኩት። «ፓስወርድ» ነው የምንለው፤ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ።

«ፕሮግራሚንግ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሒሳብስ?»

«መደመር።»

«እንግዲያው ያለሽ ጌም አይደለም፤ ምኞት ነው» ብሎ ሻዩን ይዞ ሄደ።

ለእትዬም ነገርኳት። ሁለታችን አንድ ቤት ነው የምንኖረው፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ። ልብስ ሰፊ ናት፤ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እሷ ግን በስልሳ የምትበልጠኝ ይመስላታል። የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ነበር፤ ቀና አላለችም። ሰሞኑን ሁልጊዜ እንደተደፋች ናት፤ አፍንጫዋ ጨርቁን ሊነካ ምንም አይቀረው። የእኔን ፊት ላለማየት ነው።

«አርባ ሦስት ዓመትሽ ነው» አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችም።

ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ማስታወቂያ አለ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ቅዳሜ፣ የጀማሪዎች ጌም ትርኢት። ዐሥር ደቂቃ የሚያጫውትና ሠሪው አጠገብ ሳይቆም የማያውቀው ሰው ሊጫወተው የሚችል መሆን አለበት ይላል። ስሜን አስመዘገብኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ተናገርኩ እንጂ፤ ለሁሉም ተናግሬያለሁ።

ረቡዕ 5

ምሳ ሰዓት ላይ ነኝ። ስልሳ ባለጉዳይ አስቤያለሁ። ሁለት መቶ ዕቃ። ክረምትና በጋ ይኖረዋል፤ በክረምት ጃንጥላ ይበዛል። ጣቢያው ይሰፋል። ሹፌሮችም ስም ይኖራቸዋል።

ሰው መጣ።

ቅዳሜ 8

የአክስቴ ልጅ የጣለውን ላፕቶፕ አመጣሁ። ባትሪው ሞቷል፤ ገመዱ ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። እሱን ይዤ ጠረጴዛው ጋ ስቀርብ እትዬ ሁለት ክንዷን ዘርግታ ጨርቋን አቀፈች፣ ልቀማት የመጣሁ ይመስል። ጠረጴዛው የእናታችን ነው። ሦስት አራተኛውን የያዘችው እሷ ናት። ሩቧን አገኘሁ፣ ያቺንም በጭቅጭቅ።

ኮድ ሳይጻፍ፣ ባለ ቀለም ብሎኮችን እንደ ጡብ እየደረደሩ ጌም የሚሠሩበት ነፃ ፕሮግራም አገኘሁ። እያንዳንዱ ብሎክ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አድርግ። ዐሥራ ሰባት ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው። ቀለም ብቻ ነበር የጎደለው።

አራት ሰዓት ሙሉ ደክሜ አንድ ሰውዬ ከበሩ እስከ መስኮቱ አራመድኩ። ኋላ በኋላ ነው የሚሄደው፤ ግን ይሄዳል።

ማክሰኞ 11

የጠረጴዛ መብራቱን ወስዳለች። ጧት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ መስኮቱን ሞልታ ሳለ፣ መብራት አብርታ ትሰፋለች። በጠራራ ፀሐይ መብራት የሚያበራ ሰው ምን ይባላል? እኔ ማታ የምጠቀምበት መሆኑን ስለምታውቅ ነው። ወደ እኔ በኩል መለስኩት። ከሥራ ስመለስ ተመልሶ እሷ ጋ ነው። አሁንም መለስኩት።

«ተይው» አለችኝ።

«አንቺ ፀሐይ አለሽ» አልኳት።

አልመለሰችልኝም። እሷ መልስ ስታጣ ደስ ይለኛል። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን ደስ ይለኛል።

እሑድ 16

ጌሙን መጀመሪያ በወረቀት ሞክሩት የሚል ምክር አነበብኩ። ስለዚህ ካርቶን ቆርጬ ዕቃዎቹን ሣልኩ። ጃንጥላ፣ ክራንች፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የትምህርት ቤት ደወል፣ የመለከት ሣጥን። ባለጉዳዮቹንም የሚሉትን ከሥራቸው ጽፌ አዘጋጀሁ። ሐሳቡ ከገባት ብዬ እትዬን ለመንኳት። ለመንኳት ነው የምለው፤ እኔ ሰው አልለምንም።

ካርዱን ተቀበለችኝ። ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ አቀረበችው፣ አራቀችው። ገለበጠችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«እኔ ምንም አይታየኝም» አለችኝ።

«ምኑ ነው የማይታይሽ?»

«ምኑም። ምንም የሚታይ ነገር የለውም።»

ስድስት ቀን የሣልኩትን ነው። ዐሥራ ሁለት ካርድ፣ እያንዳንዱ በቀለም። ሌላ ሰው ቢያንስ ይዋሽልኛል፤ ጎበዝ ይለኛል። እሷ አትዋሽም። ይህን ትመካበታለች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት አዲስ ባለጉዳይ ጌሙ ውስጥ አስገባሁ። ግራጫ ሻርፕ ያደረገች ሴት፣ ከመስኮቱ ሳትደርስ መሳደብ የምትጀምር። «ሌባ እጅ ነው የወደቅሁት» ትላለች። «ይህም ሥራ ሆኖ ደመወዝ ይበላበታል» ትላለች። የምትጠይቀው ዕቃ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው። ሁልጊዜ ትዋሻለች። ከሁሉም ባለጉዳይ ቀልጥፋ የተሠራችልኝ እሷ ናት፤ በአርባ ደቂቃ አለቀች።

ሐሙስ 20

ጃንጥላው ጉድ ሠራኝ። ለባለቤቱ ሰጠሁት፣ ይዞ ሄደ። ቀጥላ የመጣችውም ጃንጥላ ጠየቀች፣ አገኘች። ሦስተኛውም፣ ስድስተኛውም። መደርደሪያው ላይ ያው አንድ ጃንጥላ አለ፤ ቢሰጥ ቢሰጥ አያልቅም። ደግሞ የተከለከሉት ሁሉ «አመሰግናለሁ፣ መልካም ቀን» እያሉ ይወጣሉ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

ዕረፍት ቀኔን ሙሉ ስታገለው ዋልኩ። ለካ መስጠትና ከመደርደሪያ ማውጣት ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። እኔ ስሰጥ እጄ ራሱ ያወጣዋል። ኮምፒውተር እጅ የለውም፤ ካልነገሩት አያውቅም።

አርብ 21

ለአለቃዬ ስለ ጃንጥላው አወራኋቸው። ሽንኩርት የሚልጡ ይመስል እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ደግ ሴትዮ ናቸው፣ ሳቃቸው አያምም። ከሰዓት በኋላ ግን ኮሪደሩ ላይ ፓስወርድ ለትኬት ሻጩ ሲነግረው ሰማሁ።

«መርማሪዋ ጃንጥላ ታባዛለች አሉ። መንግሥት ቢያውቅ ለክረምት ይፈልጋታል።»

ትኬት ሻጩ ሳቀ። ሁለቱንም መዝግቤያቸዋለሁ።

ሰኞ 24

አዲስ ዘዴ አምጥታለች። ጧት ጫማዬን ሳስር ስድስት መርፌ ታሸክመኛለች። «ሥራ ፈት ስለሆንሽ ክር አስገቢልኝ።» ሥራ ፈት! ለመናኸሪያው እየዘገየሁ፣ ቆሜ፣ ስድስት መርፌ። ገረድ እንደሆንኩ እንዳልረሳ ነው። ክሩን አስገብቼ ቋጠሮውን አላስርም። ትሰረው።

ቅዳሜ 29

ሠላሳ አምስት ቀን ቀርቶኛል። ከስልሳ ባለጉዳይ አራት አልቀዋል። መደመር አውቃለሁ ብያለሁ፤ ይህ ግን መቀነስ ነው።

ረቡዕ 3

ወሩ ገባ። ፓስወርድ ራሱ መስኮቴ ድረስ መጣ። ለአለቃዬ የላክሁትን የጌሜን ቪዲዮ ትኬት ሻጩ ስልክ ላይ አይቶ ነው አሉ።

«ሐሳቡ መጥፎ አይደለም» አለኝ። «እኔ በትክክለኛ ኮድ ልጻፍልሽ። በሁለታችን ስም ይሁን።»

«የማን ስም ነው የሚቀድመው?»

«ኮዱን የሚጽፈው ነዋ።»

«የራሱን ዕቃ የሚወስድ ሰው አይቻለሁ፤ ሲወስድ እንዲህ ፈገግ አይልም» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «ስልሳ ሰው አትጨርሺም» አለኝ። «ዘጠኝ በቂ ነው። ዘጠኝ ጥሩ ሰው ሥሪ። በሁለት ወር ስልሳ ሰው የሚሠራ አምላክ ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ነው የሠራው።» ሄደ።

ክፉ ሰው ነው። ለማሳነስ ነው ዘጠኝ ያለው።

ቅዳሜ 6

በራሴ ሐሳብ ባለጉዳዮቹን ወደ ዘጠኝ ዝቅ አድርጌያለሁ። ዕቃው ዐሥራ ሁለት። ክረምትና በጋ የለም። የሹፌሮቹን ስም አጠፋሁ። ሰርዤ ስጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጌሙ ይታየኝ ጀመር፤ ከዚያ በፊት ዝርዝር ነበር።

አርብ 12

ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ገና ጧት ሁለት ሰዓት አልሆነም፤ ወደ ሥራ መሄድ አለብኝ።

የቀለም ፋብሪካው ዕቃ ገዢ ቱታዎቹን ሊረከብ መጣ። ሠላሳ ሁለት ሰማያዊ ቱታ። አንዱን ዘርግቶ ዝም አለ። ሁለተኛውን ዘረጋ። ክሩ ጥቁር ነው፤ ዐሥራ አንዱ ላይ በጥቁር ክር ሰፍታዋለች። አራቱ ላይ ኪሱ የተገለበጠ ነው። አንዱ ላይ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ከቁልፎቹ ጋር አይተያዩም።

«እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» አላት። የሚያከብራት ሰው ነው፤ ስምንት ዓመት ደንበኛዋ።

እሷም ወደ እኔ ጠቆመች። «መብራቴን ወስዳብኝ ነው።»

«ውሸት ነው» አልኩት ለሰውዬው። «ቀን ነው የምትሰፋው። ልቧ ስለሌለ ነው። ሰው ስታማ ነው የምትሰፋው።»

ሰውዬው ሁለታችንንም አላየም። ቱታዎቹን እዚያው ትቶ፣ ያልተሰፋውን ጨርቅ ሰብስቦ፣ አጣጥፎ፣ ይዞ ወጣ። በር ላይ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ነው የወጣው፤ ቢሰድባት ይሻል ነበር።

ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ። ተነሥታ ወደ ጓዳ ስትሄድ እግሯን ገመዱ ላይ አደረገችው። ላፕቶፑ ከጠረጴዛው ወድቆ ጠፋ። ሳነሣው ስክሪኑ ጥግ ተሰንጥቋል፤ ከማክሰኞ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ የለም። ሦስት ባለጉዳይ።

«አላየሁትም» አለችኝ።

ገመዱ ነጭ ነው። ወለሉ ጥቁር ነው። ዕውር እንኳ ያየዋል። ሆን ብላ ነው።

«ዓይንሽ ላፈር» አልኳት።

ጓዳውን ዘጋች።

ቅዳሜ 13

አላናግራትም። መርፌ የለም። መብራት የለም። ምግቧን ለብቻዋ፣ ምግቤን ለብቻዬ።

ማክሰኞ 16

ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሰዓት ይፈቀዳል። የጠፉት ሦስቱ ባለጉዳዮች ተመልሰዋል፤ ከፊተኞቹ ይሻላሉ፣ ለማንም ግን አልነግርም። ሥራ ላይ የሐሙስ ዕረፍቴን ከቅዳሜ ጋር ተለዋወጥኩ፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን እንዲኖረኝ። ቤት አልተናገርኩም። ለማን እነግራለሁ?

አራት ቀን ዝም ተባብለናል። ትላንት ማሰሮ ከእጇ ወድቆ ሾርባው በሙሉ ፈሰሰ። ሳልረዳት ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ስለ ጌሙ አሰብኩ። ለማሰብ ሞከርኩ።

ሐሙስ 18

በቅደም ተከተል ልጻፈው። እንደ ሪፖርት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ግራጫ ሻርፗን አድርጋ ወደ መስኮቴ መጣች። ሐሙስ እንደማልሠራ ታውቃለች፤ ለዚህ ነው ሐሙስ የመጣችው። መስታወቱ ላይ የከሰዓት ፀሐይ አርፎበታል። እኔ ከዚህ ወገን ቅንድቧን እቆጥራለሁ። በመካከላችን አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ነው ያለው።

ልታፌዝብኝ የመጣች መሰለኝ። አፌን ግጥም አድርጌ ጠበቅኩ።

«እንደምን ዋሉ፣ እህቴ» አለችኝ። በ«እርስዎ»። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትላንት አውቶቡስ ላይ ትንሽ ቦርሳ ረስቼ ነው። ቡናማ፣ ዚፑ የተበላሸ፣ ዚፑ ላይ የወረቀት መያዣ ሽቦ ያሰርኩበት።»

እንደማታውቀው ሰው ነው የምታናግረኝ። ያን ለስላሳ ድምጿን ለደንበኛ ነው የምታወጣው፤ ለእኔ አውጥታው አታውቅም። ዓይኖቿ ወደ እኔ ናቸው። ትንሽ ግን ወደ ግራ ያዘነብላሉ፣ ወደ ግድግዳው ሰዓት።

ዐሥራ ሰባት ዓመት። አንድ ሰው ሲያስመስል ከንፈሩ አንድ ቦታ ላይ ይጠብቃል፤ አውቀዋለሁ። ከንፈሯ ላይ ምንም የለም።

ቦርሳው ሹፌሩ ጧት ያመጣው ነበር፤ መደርደሪያ ሁለት። የማን መሆኑን ሳላውቅ በእጄ መዝግቤዋለሁ። ሳልናገር ቅጹን በመስኮቱ ሥር ገፋሁላት። በጣቶቿ ፈልጋ አገኘችው።

«እባክዎ ያንብቡልኝ» አለችኝ። «መነጽሬን ረስቼ ነው።»

መነጽር የላትም። በሕይወቷ መነጽር ኖሯት አያውቅም። ውሸት መሆኑን በዚያች ቅጽበት ነው ያወቅሁት፤ ሌላውንም ሁሉ አብሬ።

ባነብላት ድምፄን ታውቀዋለች። ተነሥቼ አለቃዬን ጠራሁ፣ ቅጹን ጠቆምኳቸው። እህቴን አይተዋት አያውቁም። ጎንበስ ብለው ጥያቄዎቹን ያነቡላትና መልሷን ይጽፉ ጀመር፤ ስም፣ አድራሻ። አድራሻችንን ስትነግራቸው ቀና ብለው አዩኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አይናገሩ ማለቴ ነው።

«ውስጡ ምን ነበረ?» አሏት። ይህን መጠየቅ ደንብ ነው።

«ጠብታ መድኃኒት። ሁለት። የዓይን ሐኪም ካርድ። አንድ መሐረብ።»

ቦርሳውን ከፈትኩ። ጠብታው ሁለት። ካርዱ ላይ ቀጠሮዎቹ ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያው ያለፈው ዓመት ነው። ባለፈው ዓመት።

«ብቻዎን ነው የመጡት?» አሏት አለቃዬ። «ቤት ሰው የለም?»

«እህት አለችኝ። አልነገርኳትም።»

«ለምን?»

«የግራው አልፏል፤ ቀኙን በጠብታ እናቆየዋለን ነው የሚሉኝ። ብነግራት ሁሉን ጥላ ታስታምመኛለች። ከዚያ ዕድሜ ልኳን ትቆጥርብኛለች። አሁን የምትሠራው ነገር አላት፤ ምን እንደሆነ አይገባኝም፣ ግን ጧት ስትነሣ ታንጎራጉራለች። አንጎራጉራ አታውቅም ነበር።»

ቦርሳውን በመስኮቱ ሥር ገፋሁላት። ጣቷ ጣቴን ነካው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ» ብላኝ ሄደች። ከመስኮቱ እስከ በሩ አንድ እጇን ከግድግዳው አላነሣችም።

አለቃዬ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ሲዋሽ ስታውቂ…» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም።

ለምን አልተናገርኩም? «እትዬ፣ እኔ ነኝ» ሦስት ቃል ነው።

እሑድ 21

ገመዱን በግድግዳው ዙሪያ በሚስማር ያዝኩት። መብራቱን ወደ እሷ በኩል አዞርኩት። ዐሥራ ሁለት መርፌ ክር አስገብቼ፣ ቋጥሬ፣ መርፌ መሰኪያዋ ላይ ደረደርኩ። በእጇ ዳሰሰቻቸው።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምንም።»

«ሰው ምንም ሳይፈልግ መብራት አይሰጥም።»

«ለማይረባ ሥራሽ ነው የሰጠሁሽ፤ የተበላሹትን ፍቺና ድገሚያቸው። ክሩን እኔ እመርጥልሻለሁ።»

ተቆጣች። ግን ሰፋች። ሰማያዊውን እያቀበልኳት ስድስት ቱታ አወጣን። ስምንት ቀን ካለመነጋገር ይህ ይሻላል፤ ተሰዳድበናል።

ከሰዓት በኋላ ግራጫ ሻርፕ ያላትን ሴት አፍርሼ እንደገና ሠራኋት። አሁን አትሳደብም። በትሕትና ትመጣለች፤ ቦርሳዋን በትክክል ትናገራለች፤ ቅጹን ሲሰጧት «መነጽሬን ረስቼ ነው» ትላለች። ተጫዋቹ መዝገቡን ካየ መነጽር እንደሌላት ያውቃል። ዋሽታለች። ቦርሳው ግን የእሷ ነው። ይሰጣታል ወይስ ይከለክላታል?

የጌሙ ጥያቄ ይህ ነው። ከሌላ የመጣ አይደለም፣ ከሥራ የመጣ ነው።

ረቡዕ 24

ፓስወርድ ተጫወተው። ስምንቱን እየሳቀ አለፈ። ዘጠነኛዋን ከለከላት። ሴትዮዋ ዞራ፣ አንድ እጇ ከግድግዳው ጋር፣ ወጣች። እሱም ከመጀመሪያው ጀመረው።

«ይህቺን ማን ጻፈልሽ?» አለኝ በመጨረሻ።

«እኔ።»

«እንጃ» አለኝ። ከዚያ ቁልፉን ሁለቴ ሲጫኑት ቦርሳው ሁለቴ እንደሚሰጥ አሳየኝ፤ የሚከለክለውን ብሎክም ጠቆመኝ። አላመሰገንኩትም። ነገ ምናልባት።

አለቃዬም ተጫወቱ። ዘጠነኛዋ ላይ እጃቸውን ከማውሱ አነሡ።

«አስፈቅደሻታል?»

«ጌም ነው።»

«ጌም ነው ወይ አላልኩሽም። አስፈቅደሻታል ወይ ነው ያልኩሽ።»

ሰኞ 29

አወጣኋት። በቦታዋ የመለከት ሣጥን የጠፋበት ሰውዬ ተካሁ። ጌሙ ሞተ። ስምንት ቀልድና አንድ መለከት ሆነ። መልሼ አስገባኋት። ሻርፑን ከግራጫ ወደ ቡናማ ቀየርኩት። ጠብታውን የልብ መድኃኒት አደረግኩት። አሁን እሷ አይደለችም።

ሻርፕ ቀየርኩ። ይህን ሁሉ አስቤ ያመጣሁት ሻርፕ መቀየር ነው።

ልነግራት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ክር ተናገርኩ።

እሑድ 5

ትርኢቱ ትላንት ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ ላይኛው ፎቅ ነው፤ ስድስት ጠረጴዛ። ከጎኔ ያለው ልጅ እግር አውሮፕላን የሚያባርር ነገር አምጥቷል፤ ድምፁ ለጉድ ነው፣ ሰው ሁሉ እሱ ጋ ይቆማል። እኔ ጋ የመጡት የደከማቸውና ወንበር የፈለጉት ናቸው። ግን የተቀመጠ ሁሉ እስከ ዘጠነኛዋ ይቆያል። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሁሉንም ጮክ ብለው ያነባሉ፤ የአስተማሪ ድምፅ ነው፣ እስከ በሩ ይሰማል።

«‘እባክዎ ያንብቡልኝ፤ መነጽሬን ረስቼ ነው’» ብለው አነበቡ።

ከኋላ ወንበር ሲንፏቀቅ ሰማሁ። ዞርኩ። እትዬ ናት። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች። መቼ እንደመጣች አላውቅም። ጠረጴዛ ጠረጴዛውን እየያዘች ወደ እኔ መጣች፤ ሰው መንገድ ለቀቀላት።

«እንዴት መጣሽ?» አልኳት።

«በአውቶቡስ። ቀኑን ሁለት ወር ስትለፈልፊው አልነበር?» መምህሩ እስኪነሡ ጠበቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ቀን መስታወቱ ጀርባ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«ጣትሽን አውቄዋለሁ። አይደለችም ብዬ ተውኩት።»

የማውሱን ገመድ ጣቴ ላይ ጠመጠምኩ።

«አፍሽን ምን ነክቶት ነበር?»

«የአንቺንስ? አንድ ዓመት ሙሉ?»

መልስ አልነበራትም። ድሮ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

«ሴትዮዋ» አለች፣ ወደ ስክሪኑ በአገጯ፣ «ቦርሳዋን ይሰጧታል?»

«እንደ ተጫዋቹ ነው።»

«ስንቱ ሰጣት?»

የሚቆጥር ሣጥን ሠርቼበታለሁ። ማየት አላስፈለገኝም፤ ቀኑን ሙሉ ሳየው ነው የዋልኩት። «ከዐሥራ አንዱ አራቱ።»

«ሰባቱ አንቺን ወጥተዋል» አለችኝ። ወንበሩን ዳስሳ ተቀመጠች። «አንብቢልኝ። እኔም ልጫወት።»

አነበብኩላት። ለባለጉዳዩ ሁሉ ድምፄን ለዋወጥኩለት። ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደለበሰ፣ እጁን የት እንዳደረገ ነገርኳት። ከእኔ ይልቅ ቸር ናት፤ ክራንቹን የሚያነክስበትን እግር ለተሳሳተው ሰውዬ ሰጠችው። «ካልፈለገው ለሌላ ይሰጠዋል» አለች። ጥርሱን ላልጠፋበት ሰጠች። ሁለት ሰው ቆሞ ያየን ነበር፤ ኋላ ስድስት ሆኑ። አውሮፕላኑን የሚያባርረው ልጅም መጣ።

ዘጠነኛዋን አነበብኩ። ቀስ ብዬ።

«አልሰጣትም» አለች።

«እትዬ፣ የእሷ እኮ ነው።»

«የእሷ መሆኑንማ አውቃለሁ። መነጽር የላትም። እውነቱን ትናገርና ትውሰድ።» እጇን እንድመራላት ዘረጋች። ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረግኩላት፤ ተጫነች።

ሴትዮዋ ዞረች። ግድግዳውን ይዛ ወጣች።

«ወዴት ሄደች?»

«ወደ ቤቷ።»

«ቤቷ ማን አለ?»

«ቤት አልሠራሁም» አልኳት። «ጊዜ አልበቃኝም።»

«እሱንማ አውቄዋለሁ» አለችኝ።

ሽልማቱን የአውሮፕላኑ ልጅ ወሰደ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጌሙን እስከ ወሩ መጨረሻ እዚህ ኮምፒውተር ላይ እናቆየው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እሺ ከማለቴ በፊት ዞሬ እትዬን፣ «ሴትዮዋ ትቆይ?» አልኳት። ሁሉም ሰው ባለበት።

«ሻርፕ አላት?»

«ቡናማ።»

«እኔ ቡናማ አላደርግም። ግራጫ አድርጊላት፤ ትቆይ።»

ስንወርድ ደረጃው አፋፍ ላይ ቆመች። ላፕቶፑን በግራ ክንዴ ይዣለሁ። ቀኝ ክንዴን፣ ከላይ፣ ሥጋው እስኪያም ድረስ ጨምድዳ ያዘችው። ይዛኝ አታውቅም።

«ስንት ነው?»

«ዐሥራ አራት።»

«ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። ጮክ ብዬ፣ በሰው ፊት፣ አንድ፣ ሁለት። ከኋላችን ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ማንም አልቀደመንም። ዐሥራ ሦስት ላይ መሬት ደረስን። እኔ ግን ብያለሁና ዐሥራ አራት አልኩ። እሷም አመነችኝ፤ እግሯን አንሥታ የሌለውን ደረጃ በኃይል ረገጠችው። ወለሉ ጮኸ፤ ተንገዳግዳ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች።

«ውሸታም» አለችኝ።

ክንዴን ግን አልለቀቀችውም። መንገዱን እስክንሻገርም አልለቀቀችው፤ አውቶቡስ ውስጥም።